የልጆች መጫወቻ ሜዳ እንደ መድረክ

በሀገራችን የኪነ ጥበብ ሒስ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ልብ ወለዱን፣ ግጥሙን፣ ተውኔቱን፣ ሥዕሉንና ዜማውን ነው። ኪነ ሕንፃን ስናነሣም ዓይናችን የሚያርፈው በቤተ መንግሥቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱና በታላላቆቹ አዳራሾች ላይ ነው። ዳሩ ግን ሰው ፊደል ከመቁጠሩና ቲያትር ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ የሚገለገልበት አንድ የጥበብ ሥራ አለ፤ እርሱም የመጫወቻ ሜዳ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ተገልጋይ ሲኖረው ሐያሲ ግን የለውም። አንድ የልጆች መጫወቻ ተመርቆ ሲከፈት ስፋቱና የወጣበት ገንዘብ ይነገራል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ልጆቹ በውስጡ ምን እንዳደረጉ፣ ሁለተኛ ተመልሰው እንደ መጡና እነማን ከበሩ ላይ እንደ ቀሩ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ማንሣት ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ሲገለጽ፣ የመጫወቻ ሜዳ መድረክ እንጂ ተውኔት አይደለም። ነዳፊው መድረኩን ያሰናዳል፤ ተውኔቱን የሚደርሱት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ የነዳፊው ችሎታ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለልጁ የፈጠራ ኃይል ምን ያህል ክፍት ቦታ ተወለት? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ወደ መድረኩ መውጫውን ለሁሉም ልጅ ከፈተ ወይስ ለጥቂቶቹ ብቻ? የሚል ነው።

የልጅ ተውኔት

ነገሩን ከራሴ ገጠመኝ ልጀምር። ባለፈው ጥቅምት የእህቴን ልጅ ይዤ ወደ አንድ አዲስ መናፈሻ ሄድኩ። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የምትሄደው በሁለት ክራንች ነው። የመናፈሻው በር ላይ ደረጃ ስላልነበረ ያለ ችግር ገባን፤ ነዳፊው አስቦበታል ብዬ ደስ አለኝ። መጫወቻው ዘንድ ስንደርስ ግን ዙሪያው በጥልቅ አሸዋ የተሞላ ሆኖ አገኘነው። ሁለት እርምጃ እንደ ሄደች ክራንቿ ሰመጠ፤ ተመልሳም አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ጥበቃው ደግ ሰው ነበሩ። ወንበር አምጥተው፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ እዚህ አረፍ ብለሽ ተመልከች» አሏት። እርሷም አመስግና ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አጎቴ፣ ለማየትማ ቤትም ቴሌቪዥን አለ» አለችኝ።

ጥበቃው በደግነት የሰጧት የተመልካች ወንበር ነበር፤ ልጅቱ የመጣችው ግን ተዋናይ ልትሆን ነው። ጥፋቱ የጥበቃው አይደለም። ጥፋቱ በሩን አስቦ ጨዋታውን የረሳው ንድፍ ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ታዘብኩ። ሌሎቹ ልጆች በዝሆን ቅርጽ በተሠራው ሸርተቴ ላይ ተሰልፈው ወጡ፤ ወረዱ፤ ደግመው ወጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን አብዛኞቹ ትተውት ከመናፈሻው ጥግ፣ ከግንባታ የተረፈ ድንጋይና ጣውላ ወደ ተከመረበት ሄዱ። እዚያም ሱቅ ከፈቱ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ሚዛን ሆነ፤ ቅጠሉ ብር ሆነ፤ ጣውላው መደርደሪያ ሆነ። መሬቱ ደረቅና የተጠቀጠቀ ስለ ነበር የእህቴ ልጅም ክራንቿን እየተከለች ደረሰች። ወዲያውኑም ባለ ሱቅ አደረጓት፤ ምክንያቱም ባለ ሱቅ ተቀምጦ ይሸጣልና።

ይህ ጨዋታ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እቃ እቃ ነው። ተውኔትን ያስተማረን መምህር ማን ነው? ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን የዩኒቨርሲቲ መምህሮቻችንን እንጠራለን። እውነቱ ግን የመጀመሪያው ትምህርት ቤታችን በቆርቆሮ ክዳንና በተሰበረ ሲኒ የተጫወትነው እቃ እቃ ነው። እዚያ ገጸ ባሕርይ አለ፤ ግጭት አለ፤ ቃለ ተውኔት አለ። ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ነው። ልጅ በከሰል ወይም በጠመኔ ጥቂት መስመሮች አስምሮ ጎዳናውን በሕግ የሚገዛ ዓለም ያደርገዋል። ገበጣ ጥቂት ጉድጓድና ጠጠር ብቻ ይፈልጋል፤ ድብብቆሽ ደግሞ ዛፍና የግድግዳ ጥግ እንጂ ሌላ አይሻም። ከእነዚህ ጨዋታዎች የምንማረው ልጅ የሚፈልገው ያለቀለት ዕቃ ሳይሆን ሊጨርሰው የሚችል ጅምር መሆኑን ነው። የዝሆኑ ሸርተቴ ግን ያለቀ ዐረፍተ ነገር ነው። ዝሆን መሆኑ ተወስኗል፤ መውጫውም መውረጃውም አንድ ነው፤ ልጁ የሚጨምርበት ቃል የለም።

የአምስተርዳም ምሳሌ

ይህን ሐሳብ በሥራ የገለጠ አንድ የኪነ ሕንፃ ባለሙያ እናንሣ፤ ሆላንዳዊውን አልዶ ቫን አይክን (1918-1999 እ.ኤ.አ.)። ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1946 በአምስተርዳም ከተማ የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ገብቶ ከእነ ኮርኔሊስ ቫን ኤስተረንና ያኮባ ሙልደር ጋር መሥራት ጀመረ። ከተማው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከረኀብ ገና መውጣቱ ነበር። ቤት እጥረት ነበር፤ ገንዘብና ማቴሪያልም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 በበርተልማንፕላይን አደባባይ የመጀመሪያው መጫወቻ ተሠራ። በውስጡ የነበረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰፊ ጠርዝ ያለው የሲሚንቶ አሸዋ ገንዳ፣ ለመዝለያ የሚሆኑ አራት ክብ የሲሚንቶ ድንጋዮች፣ ለመገለባበጫ የቆሙ የብረት ዘንጎች፣ በዙሪያውም ዛፎችና አግዳሚ ወንበሮች።

ይህን ያዩ የሌላ ሠፈር ነዋሪዎች ለእኛም ይሠራልን እያሉ ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። ሥራው እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲቀጥል የመጫወቻዎቹ ቁጥር ከ700 በላይ ደረሰ። ቦታዎቹም ተፈልገው የተገኙ ናቸው፤ በጦርነቱ ዘመን ፈርሰው የቀሩ ቤቶች ቦታ፣ የመንገድ ማዕዘን፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የተረሳ ክፍት መሬት። ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ ጥግ የሠፈሩ እምብርት ሆነ።

ቅርጹን ስንመረምረው ቫን አይክ የተጠቀመው እንደ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና ቅስት ያሉ ቀላል ቅርጾችን ነው። የእንስሳ ምስል ያላቸውን መጫወቻዎች አይወድም ነበር። የብረት ዘንግ ጎብጦ የተሠራው መወጣጫ ለአንዱ ልጅ ተራራ ነው፤ ለሌላው ቤት ነው፤ ጨርቅ ቢጣልበት ድንኳን ይሆናል። የአሸዋው ገንዳ ሰፊ ጠርዝ ለሕፃኑ የዳቦ መጋገሪያ ሠሌዳ፣ ለእናቲቱ መቀመጫ፣ ለትልቁ ልጅ መሮጫ ነው። የእያንዳንዱ ነገር ይዘት የሚወሰነው በሚጫወተው ልጅ ነው። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ መጫወቻዎች አጥር አልነበራቸውም። ልጁ ከጎዳናው ተለይቶ እንዲታሰር ሳይሆን ከተማው ልጁን እንዲቀበል ታስቦ ተሠሩ።

ሒስ ሙገሳ ብቻ አይደለምና ጉድለቱንም እንናገር። ብዙዎቹ የብረት መወጣጫዎች የቆሙት በጠንካራ ንጣፍ ላይ ነበር፤ ከላያቸው የወደቀ ልጅ የሚያርፈው በድንጋይ ላይ ነው። በእግሩ መሄድ ለማይችል ልጅም በውስጣቸው የተለየ ቦታ አልታሰበም። ዛሬ ከመጀመሪያዎቹ መጫወቻዎች ሳይለወጡ የቀሩት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ሆኖም መሠረታዊው ሐሳብ፣ ማለትም ጥቂት አድርጎ ብዙ መተው፣ ዕድሜው አላለፈም።

ከቫን አይክ አስቀድሞ ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ሌላ መንገድ አሳይቶ ነበር። ሀገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በኮፐንሀገን አጠገብ በኤምድሩፕ ልጆች በአሮጌ ጣውላ፣ በጡብና በገመድ የፈለጉትን የሚሠሩበትና የሚያፈርሱበት ሜዳ ተከፈተ። እንግሊዛዊቷ ሌዲ አለን ኦፍ ኸርትውድ ይህን አይታ በቦምብ በፈራረሱ የሀገሯ ከተሞች ተመሳሳይ ሜዳ እንዲሠራ ተሟገተች። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በለንደን በቼልሲ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚጫወቱበት ተመሳሳይ ሜዳ እንዲከፈት አደረገች። ያንን በመናፈሻው ጥግ የተከመረ ድንጋይና ጣውላ ያስታውሷል። ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ያገኙትን፣ እነዚህ ሰዎች ዓላማ አድርገው ሠሩት።

ስለ ደኅንነት

«ልጆች በፍርስራሽ ይጫወቱ ነው የምትለው?» የሚል ወላጅ ቢኖር ሥጋቱ ተገቢ ነው። ለዚህም ነው ፈተናንና አደጋን መለየት የሚያስፈልገው። ፈተና ልጁ የሚያየው፣ የሚመዝነው፣ ዛሬ ፈርቶ የሚተወውና በሳምንቱ የሚደፍረው ነገር ነው፤ እንደ ከፍታው፣ እንደ ሚዛን መጠበቂያው። አደጋ ግን ልጁ ሊያየውና ሊገምተው የማይችል ነው፤ እንደ ሾለ ምስማር፣ እንደ ላላ ብሎን፣ እንደ ዛገ ብረት። ጥሩ ነዳፊ አደጋውን ያስወግዳል፤ ፈተናውን ግን ይተዋል። ፈተና የሌለበት መጫወቻ ግጭት እንደሌለበት ተውኔት ነው፤ ተመልካቹ ተነሥቶ ይሄዳል። ልጁም ፈተና ፍለጋ ወደ መንገዱ ይወጣል።

ይህ በሥነ ጽሑፍ አነጋገር ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በልክ የሚነገር ዕውቀት አለው። ከ89 ሚሊ ሜትር እስከ 230 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ልጅን ሊያንቅ የሚችል ነው። ምክንያቱም የልጅ ሰውነት በእግሩ በኩል ያልፍና ጭንቅላቱ ይያዛል። ስለዚህ ክፍተቱ ከዚህ ማነስ ወይም ከዚህ መብለጥ አለበት። የአውሮፓው የመጫወቻ መሣሪያዎች መስፈርት ልጅ ሊወድቅበት የሚችለውን ከፍታ በ3 ሜትር ይወስናል። በአሜሪካ የተጠቃሚዎች ደኅንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ መሠረት 23 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ልል አሸዋ ልጅን የሚጠብቀው ከ1.2 ሜትር ከፍታ ለሚደርስ ውድቀት ነው፤ የእንጨት ስብርባሪ ቢሆን በዚያው ጥልቀት እስከ 3 ሜትር ያህል ይጠብቃል። ሲሚንቶ፣ አስፋልትና የተጠቀጠቀ አፈር አይጠብቁም። ሣርም ቢሆን በቂ አይደለም፤ ልጆች ሲመላለሱበት ሣሩ ያልቅና የቀረው አፈር እንደ ድንጋይ ይጠነክራልና።

በእነዚህ ቁጥሮች መካከል አንድ እውነተኛ ቅራኔ አለ። ለሚወድቀው ልጅ ለስላሳ የሆነው አሸዋ ለእህቴ ልጅ ክራንች ወጥመድ ነው። ለክራንቿ የሚመቸው ደረቅ መሬት ደግሞ ለሚወድቀው አይሆንም። ነዳፊ ማለት ይህን ቅራኔ የሚፈታ ሰው ነው። መላውን ሜዳ አሸዋ ማልበስ ቅራኔውን መፍታት አይደለም፤ አንዱን ልጅ ለሌላው መሠዋት ነው። ጠንካራና የተስተካከለ መንገድ እስከ መጫወቻዎቹ ድረስ መርቶ፣ ለስላሳውን መሬት ከፍታ ካለው መሣሪያ ሥርና ዙሪያ በስፋት መወሰን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣው መስፈርት በመጫወቻ ሥፍራ ውስጥ የሚሄደው መንገድ ስፋቱ 1.5 ሜትር ያህል፣ ዘቅዛቃነቱም በየ16 ሜትር ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ በዚህ ስፋት ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ ዕቃ ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ስለ እኩል ተካፋይነት

ጨዋታ ለልጅ ችሮታ ሳይሆን መብት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 አስፍሯል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታ እንዲሳተፉ ይደነግጋል፤ ሀገራችን ይህንንም በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። «እኩል» የምትለዋ ቃል ግን ለነዳፊው ከባድ ሥራ ትሰጠዋለች።

በአንድ ጥግ «ለአካል ጉዳተኞች» የሚል ጽሕፈት ያለበት አንድ ዥዋዥዌ መትከል እኩልነት አይደለም። ልጅ ወደ መጫወቻ የሚሄደው ለመወዛወዝ ብቻ ሳይሆን ከሌላ ልጅ ጋር ለመወዛወዝ ነው። ስለዚህ ጥያቄው፣ በዊልቸር የሚሄደው ልጅ ከጓደኛው ጎን ሆኖ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ገባ ወይ? ነው። የአሸዋው ገንዳ ከፍ ብሎ በገበታ መልክ ቢሠራና ከሥሩ ለጉልበት ቦታ ቢተው፣ በዊልቸር ያለውም ቆሞ የሚጫወተውም በአንድ አሸዋ አንድ ከተማ ይቆረቁራሉ። ማየት የተሳነው ልጅ መንገዱን በእግሩ ንጣፍ ልዩነት ይለያል፤ የሚደወል ብረትና የሚንኳኳ እንጨት ቢኖር ጨዋታውን በድምፅ ይመራል። ሁካታ የሚያስጨንቀው ልጅም ከጫጫታው ጥቂት ራቅ ብሎ ሌሎቹን እያየ የሚያርፍበት ጎጆ መሰል ጥግ ያሻዋል፤ ሲረጋጋ ተመልሶ ይገባልና።

እኩልነትን ከአካል ጉዳት ጋር ብቻ አያይዘን ማየትም አይገባም። ሜዳውን በሙሉ ኳስ ከያዘው፣ ሱዚ የሚዘሉት ሴት ልጆች ወደ ጠርዝ ይገፋሉ። ጥላና መቀመጫ ከሌለ ሕፃን የሚጠብቁት አያት ቶሎ ይደክማሉ፤ ሕፃኑም ከእርሳቸው ጋር ይመለሳል። መግቢያው በገንዘብ ከሆነ ደግሞ ሁሉም መስፈርት ተሟልቶ እንኳ ብዙው ልጅ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። እንዲህ ያለው መጫወቻ ምንም ቢያምር ለሕዝብ ተሠራ ለማለት አያስደፍርም።

ለእኛ የሚሆነው

«እነዚህ ነገሮች ለሀብታም ሀገር ናቸው» የሚል ክርክር ይነሣል። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ያስተምራል። የኤምድሩፕ ሜዳ በጦርነት መካከል፣ የአምስተርዳሙ በድኅረ ጦርነት ችግር ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ማቴሪያላቸውም ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ብረትና አሮጌ ጣውላ ነበር። ይልቁንስ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣው ባለ ቀለም ፕላስቲክ፣ አንዱ ክፍሉ ሲሰበር መለዋወጫ አጥቶ ለዓመታት ገመድ ታስሮበት ሲቆም የምናየው ነው። በሠፈሩ ብየዳ ቤት ሊጠገን የሚችል መጫወቻ ከማይጠገነው ይሻላል።

ቦታም ቢሆን አለን። በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ በዓመተ ምሕረታችን መሠራት በጀመሩት የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ በሕንፃና በሕንፃ መካከል ክፍት መሬት ይታያል። ዛሬ አብዛኛውን የያዘው መኪና ነው። የምንኖርበትን ግቢ ብመለከት ልጆቹ የሚጫወቱት መኪኖቹ ወጥተው በሚቆዩበት ሰዓት ነው፤ ማታ መኪኖቹ ሲመለሱ ልጆቹ ቦታ ይለቃሉ።

ቫን አይክ፣ በረዶ በወረደ ጊዜ ከተማው ለጥቂት ጊዜ የልጆች ይሆናል፤ ለልጆቹ ከበረዶ የበለጠ የሚዘልቅ ነገር ያስፈልጋቸዋል ይል ነበር። ለእኛ በረዷችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ነው ለማለት ይቻላል። በእነዚያ እሑዶች አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲከፈት፣ ልጆች ያለ ማንም አዛዥ በመንገዱ መካከል ሰኞ ማክሰኞ ሲያሰምሩ አይተናል። ጥማቱ እንዳለ ይህ ምስክር ነው። እንግዲህ የቀረው ከአንድ እሑድ የሚዘልቅ ነገር መሥራት ነው።

ለዚህም የኪነ ጥበብ ሰውና መምህሩ ድርሻ አላቸው። ሠዓሊውና ቀራጺው ገበጣን በድንጋይ ገበታ ላይ ቀርጸው፣ ዊልቸር እንዲጠጋው አድርገው ሊያቆሙት ይችላሉ። መምህሩ ከነዳፊው አስቀድሞ ልጆቹ የት እንደሚሰበሰቡ፣ ምን እንደሚጫወቱና እነማን ዳር እንደሚቆሙ ተመልክቶ ሊመዘግብ ይችላል። የቆየ ዛፍ ካለ አይቆረጥ፤ የትኛውም ገዝተን የምናመጣው መወጣጫ አይተካውም። ከሁሉም በላይ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ልጆቹ ራሳቸው ይጠየቁ። ይህ ሲባል ግን የሚሉት ሁሉ ይፈጸም ማለት አይደለም፤ ተውኔት ደራሲ ተዋናዩን ሳያውቅ ለመድረክ አይጽፍም ማለት ነው።

መጫወቻ ተመርቆ ሲከፈት ሐያሲው መገኘት ያለበት ሪባኑ በሚቆረጥበት ቀን አይደለም። ከዓመት በኋላ በአንድ ተራ ቀን፣ ከትምህርት መልስ ይሂድ። መሣሪያው ተጠግኗል ወይ? ልጆቹ ነዳፊው ያላሰበውን ጨዋታ ፈጥረዋል ወይ? ወንበር ተሰጥቶት ከአጥሩ ሥር ተመልካች የሆነ ልጅስ አለ ወይ? ብሎ ይጠይቅ። እንዲህ ያለ ልጅ አንድ እንኳ ቢገኝ ሥራው ገና አላለቀም። የእህቴ ልጅ ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ የነገረችኝ ስለ ዝሆኑ ሸርተቴ አልነበረም፤ በዱቤ ስለ ሸጠችው ስኳርና ገንዘቡን ሳይከፍል ስለ ጠፋው ደንበኛዋ ነበር። በሚቀጥለው እሑድም ተመልሳ ልታስከፍለው እንደምትፈልግ ነግራኛለች።